መርከብ ከብረት በፊት በውል ይሠራል
የናይሮቢ ምሳሌ

ናይሮቢ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። ከሞምባሳ ወደብ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከአደባባዮቿም ቆሞ ባሕር የሚያይ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ኬንያ ለባሕር ኃይሏ የምታሠራው መርከብ ሁሉ የሚጸነሰው በሞምባሳ ሳይሆን በዚህችው ከተማ ነው። የመከላከያ ሚኒስቴር፣ የገንዘብ ሚኒስቴርና የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ያሉት በናይሮቢ ስለ ሆነ፣ ዕቅዱ የሚጠናው፣ ገንዘቡ የሚፈቀደው፣ ውሉም የሚመረመረው በዚያው ነው። ከደጋ ሆኖ ወደብ ያስተዳደረ ወይም በወደብ የነገደ ሰው የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻውም።

ኬንያ በውጭ አገር ካሠራቻቸው መርከቦች መካከል ሦስቱ ለዚህ ነገር የተለዩ ምሳሌዎች ናቸው። ሦስቱም የተሠሩት በሰሜን ስፔን፣ በአስቱሪያስ አውራጃ፣ ፊጌራስ በምትባል አነስተኛ የባሕር ዳር ከተማ በሚገኘው የጎንዳን መርከብ መሥሪያ ነው። መሥሪያው አንድ፣ ገዢውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የመርከቦቹ ዕጣ ግን እጅግ የተለያየ ሆነ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በኬንያ ወንዞች ስም «ጋላና» እና «ታና» ተብለው የተሰየሙት ጦር አውራጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1994 አገልግሎት የጀመሩ ሲሆን፣ የእያንዳንዳቸው ርዝመት ከ60 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ጦር አውራጅ መርከብ ማለት ወታደርንና ተሽከርካሪን ወደብና መድረክ በሌለበት ጠረፍ ለማውረድ የሚችል መርከብ ነው። ለዚህ ሲባል ወደ ጠረፍ የሚጠጋው ዓይነት የታችኛው አካሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሠራል፤ ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚሄድ መርከብ ከአሸዋው ሳይደርስ በሩቅ ይቆማልና። ፊቱም እንደ በር ተከፍቶ ወይም እንደ ድልድይ ተዘርግቶ መኪናው በገዛ እግሩ እንዲወጣ ያደርጋል። ልማደኛ የመርከብ አዛዥ ወደ ጠረፍ ሲጠጋ አስቀድሞ መልሕቁን ከኋላ ይጥላል፤ ጭነቱን ካራገፈ በኋላም የመልሕቁን ሰንሰለት እየጠቀለለ መርከቡን ከአሸዋው ይነቅላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ያለ ዋጋ አይገኝም። ጠፍጣፋ መርከብ በማዕበል ላይ አብዝቶ ይናወጣል፣ ፍጥነቱም አነስተኛ ነው።

ጋላናና ታና አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በጸጥታ፣ ዕቃና ሰው በማመላለስ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 2012 ግን የተሠሩበት ዓላማ በግልጽ ታየ። በዚያ ዕለት የኬንያ ጦር ከሶማሊያ ወታደሮች ጋር ሆኖ በአልሸባብ እጅ ወደ ነበረችው የኪስማዮ ከተማ ከባሕር ወረደ። ኪስማዮ ለአልሸባብ ተራ ከተማ አልነበረችም። በወደቧ በኩል የሚወጣው የከሰል ንግድ ዋና የገቢ ምንጩ ስለ ነበር፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይወጣ አግዶ ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በጸጥታ የተገዙት መርከቦች ለዚያ ቀን ዝግጁ ሆነው ተገኙ።

ሦስተኛይቱ መርከብ «ጃሲሪ» ናት፤ ትርጓሜዋ በስዋሂሊ ቋንቋ ደፋር ማለት ነው። ርዝመቷ 85 ሜትር የሆነች የጥበቃ መርከብ እንጂ ጦር አውራጅ አይደለችም፤ ነገር ግን ስለ መርከብ ማሠራት ለመማር ከሁለቱ ይልቅ የእርሷ ታሪክ ይበልጣል። ውሏ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ ዋጋዋ 4.1 ቢሊዮን የኬንያ ሺሊንግ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ በናይሮቢ «አንግሎ ሊሲንግ» የሚል ስም ያተረፈው የመንግሥት ውሎች ውዝግብ ተነሣ። የኬንያ ዋና ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2006 ባቀረበው ልዩ ሪፖርት ከጸጥታ ጋር የተያያዙ 18 ውሎችን መረመረ፤ የመርከቢቱ ውል ከነዚያ አንዱ ነበር። ክፍያው ቆመ፤ መርከቢቱም በስፔን ታስራ ቀረች። ጋዜጦችና የምክር ቤት አባሎች የውቅያኖስ ጥናት መርከብ ናት ወይስ የጦር መርከብ እያሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ ከብዙ ድርድር በኋላ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012፣ ከውሉ ፊርማ ዘጠኝ ዓመት ቆይታ፣ ሞምባሳ ደረሰች።

እንግዲህ መዘግየቱን ያመጣው የብረት ብየዳው ወይም የሞተሩ ነገር አልነበረም። ያው መሥሪያ ሁለቱን መርከቦች ሠርቶ አስረክቦ ነበርና። ጉድለቱ ያለው በወረቀቱ ላይ ነው። በምርመራ ከገቡት ውሎች ብዙዎቹ የተመሠረቱት ሻጩ ራሱ ብድሩን ጭምር ያመጣል በሚለው ስምምነት ነበር፤ መንግሥቱም ሥራው ከመጠናቀቁ አስቀድሞ የማይሻር የተስፋ ሰነድ እየፈረመ ሰጠ። የተስፋ ሰነድ ምን እንደ ሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። አንዴ ከእጅ ከወጣ በኋላ ዕቃው ቢመጣም ባይመጣም ያዢው ገንዘቡን ይጠይቃል። የአበው ተረት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። የዚህም መዘዝ ረጅም ሆነ። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ከዓለም ገበያ 2 ቢሊዮን ዶላር ልትበደር በተሰናዳች ጊዜ፣ በሌሎች የአንግሎ ሊሲንግ ውሎች በውጭ አገር ፍርድ ቤት ለረቱ ሁለት ኩባንያዎች 1.4 ቢሊዮን ሺሊንግ ያህል አስቀድማ ለመክፈል ተገደደች።

ደኅና የመርከብ ውል ክፍያውን ከሥራው ጋር ያስተሳስራል። ጥቂቱ በፊርማ፣ ጥቂቱ የታችኛው አከርካሪ ብረት ሲዘረጋ፣ ጥቂቱ መርከቡ ወደ ውኃ ሲወርድ፣ ቀሪው በርክክብ ይከፈላል። ለቅድሚያ ክፍያው የባንክ ዋስትና ይያዛል፤ ገለልተኛ መርማሪም እያንዳንዱን ደረጃ አይቶ ሳይመሰክር ገንዘብ አይወጣም። መርከቡ ምን ሥራ እንደሚሠራም በማያሻማ ቃል ይጻፋል፤ የጥናት መርከብና የጦር መርከብ ዋጋቸውም መሣሪያቸውም አንድ አይደለምና።

ይህ ችግር የድኃ አገር ብቻ እንዳይመስል የፈረንሳይና የሩሲያ ነገር ይበቃል። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሚስትራል» የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ጦር አውራጆች በ1.2 ቢሊዮን ዩሮ ያህል ከፈረንሳይ አዘዘች። እያንዳንዳቸው 199 ሜትር ርዝመት ያላቸውና 16 ሄሊኮፕተር የሚይዙ ናቸው። በሳን ናዜር ተሠርተው ለርክክብ በተቃረቡ ጊዜ የዩክሬን ጉዳይ ተነሣ፤ ፈረንሳይም በ2014 ርክክቡን አገደች፣ በ2015ም ውሉ ፈረሰ። ይሁን እንጂ ውሉ የጠራ ነበርና ፈረንሳይ ወደ 950 ሚሊዮን ዩሮ መለሰች፤ መርከቦቹንም ግብፅ ገዝታ እ.ኤ.አ. በ2016 «ገማል አብደል ናስር» እና «አንዋር ኤል ሳዳት» ብላ ተረከበቻቸው። ገዢው ዕቃውን ቢያጣ ገንዘቡን አላጣም።

ኢትዮጵያ በበኩሏ በሌላ መንገድ ሄዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ባሕር ኃይሏ የተረከባት «ኢትዮጵያ» የተባለችው ዋና መርከብ ቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተገለገለባት ነበረች። ያገለገለ መርከብ የሚቀበል መንግሥት የመሥሪያውን ጭንቀት ያመልጣል፤ ግን የሌላውን ዕቅድ ይወርሳል እንጂ ለራሱ ጠረፍ የሚስማማውን አይመርጥም።

ኬንያም ከደረሰባት ነገር ተምራ ይመስላል፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በመከላከያ ሚኒስቴር ሥር የራሷን የመርከብ መሥሪያ ኩባንያ አቋቁማ በሞምባሳና በኪሱሙ ሥራ ጀምራለች። ይህ መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን መሥሪያው በአገር ውስጥ ስለ ሆነ ብቻ ውሉ የተስተካከለ አይሆንም፤ ከኪሱሙ የሚታዘዝ መርከብም ከፊጌራስ እንደ ታዘዘው ሁሉ ፈራሚና ከፋይ አለው። ጋላናና ታና በአንዲት ቀን ዋጋቸውን መለሱ፤ ጃሲሪ ግን ዘጠኝ ዓመት በወረቀት ታሰረች። ልዩነቱን ያመጣው የስፔን አናጢ አይደለም፤ ባሕር በማይታይበት ቢሮ በጠረጴዛ ላይ የተደረገ ፊርማ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ፣ ብረቱ ከመቆረጡ በፊት ውሉን ማንበብ ይቅደም።