በአንጎል ውስጥ የሚፈሰውን ደም ስለ መለካት

ጁባ ላይ በነጭ ዓባይ ድልድይ የቆመ ሰው፥ ከበታቹ በየደቂቃው የሚያልፈውን የውሃ መጠን ለማወቅ ቢሻ፥ የወንዙን ስፋትና ጥልቀት ለክቶ በውሃው ፍጥነት ያባዛል። ይህ ስሌት ትዝ ያለን፥ በዚያችው ከተማ የሚነግድ አንድ የአገራችን ሰው ራሱን ስቶ ከወደቀ በኋላ ሐኪሙ፥ «በአንጎሉ ያሉት የደም ሥሮች ሳይወሳሰቡ አይቀሩም፤ ናይሮቢ ሄዶ በኤም አር አይ ይታይ» ባሉን ጊዜ ነው። ባለቤቱም፥ «መሣሪያው ጭንቅላቱን ይከፍተዋልን?» ብላ ጠየቀችን።

አይከፍተውም። ከልብ ወደ አካላት ደም የሚያደርሰው ሥር ደም ቅዳ፥ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ ይባላል፤ ስማቸው ሥራቸውን ይናገራልና የአማርኛ ተማሪ በቀላሉ ይይዘዋል። በሁለቱ መካከል እጅግ ቀጫጭን ሥሮች አሉ፤ ደሙ በእነርሱ ሲያልፍ ግፊቱ ይቀንሳል። በአንዳንድ ሰዎች አንጎል ግን እነዚህ ቀጫጭኖች ይጐድሉና ደም ቅዳው በተተበተቡ ሥሮች በኩል በቀጥታ ከደም መልሱ ጋር ይገናኛል። ስስ የሆነው ደም መልስ ያን ኃይል ለመሸከም አልተፈጠረም፤ የፈነዳ እንደ ሆነ ደም በአንጎል ውስጥ ይፈሳል።

ኤም አር አይ በብርቱ ማግኔት የሚሠራ ነው፤ ለዚህ ጥበብ ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ፍሰት ሲለካ የማግኔቱ ኃይል በአንድ አቅጣጫ ከተደረገ በኋላ ወዲያው በተቃራኒው ይደረጋል። በቦታው የረጋው አካል የተቀበለውን የመጀመሪያ ምልክት ሁለተኛው ይፍቀዋል፤ የሚሮጠው ደም ግን ቦታ ለውጦ ስለሚገኝ ጥቂት ምልክት ይቀርበታል። የቀረውም ምልክት የፍጥነቱ ልክ ነው። ፍጥነቱ በሥሩ ውስጣዊ ስፋት ሲባዛ፥ እንደ ወንዙ ሁሉ፥ በደቂቃ የሚያልፈው ደም ይታወቃል። የጤናማ ሰው አንጎል በደቂቃ 700 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀበላል።

ነገር ግን ባለሙያው የሚጠብቀውን ከፍተኛ ፍጥነት አስቀድሞ ለመሣሪያው መንገር አለበት። አሳንሶ ከገመተ፥ እጅግ የሚሮጠው ደም ወደ ኋላ የሚፈስ መስሎ ይታያል። ልኬቱ በተለይ የሚጠቅመው ሐኪሞች የተተበተቡትን ሥሮች በከፊል ከደፈኑ በኋላ ፍሰቱ ምን ያህል እንደ ቀነሰ ለማወቅ ነው። ሥሩ የሚፈነዳበትን ቀን ግን አይተነብይም፤ ይተነብያል የሚል ቢኖር አንቀበለውም።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ሌላ ነበር። ጁባ ጦርነት ያየች ከተማ ናት፤ በሥጋው ውስጥ የብረት ስባሪ ተሸክሞ የሚኖር ሰው አይታጣም፤ ማግኔቱ ደግሞ ብረትን ይስባል። ሰውየውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 በከተማይቱ ተኩስ በተነሣ ጊዜ ጭኑን ተመትቶ ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ በራጅ ታየ፤ ብረት አልተገኘበትም። በማግሥቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲነሣ ባለቤቱ የጋብቻ ቀለበቱን ከጣቱ አውልቃ በመሐረቧ ቋጠረችው።