ያደረ ዳቦ ለምን ይሻላል? የኒስ ሳንድዊች ሳይንስ

ሳንድዊችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው ውሃ ነው። ጠዋት የተሠራው ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዳቦው ርሶ ይላሽቃል፤ ቲማቲሙም እየሾለከ ይወጣል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው ቲማቲሙን በሰላጣ ቅጠል የሚከልለው ወይም ዳቦውን ቅቤ የሚቀባው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በሜዲትራንያን ዳርቻ ያለችው የኒስ ከተማ ግን የታወቀችበት ሳንድዊች ሆን ተብሎ የሚርስ ነው። ስሙም ፓን ባኛ ይባላል።

አሠራሩ ከእንቁላሉ በቀር እሳት አይፈልግም። ክብ ዳቦ ለሁለት ይከፈልና ውስጡ በነጭ ሽንኩርት ይታሻል፤ የወይራ ዘይትም ይፈስበታል። ከዚያ የቲማቲም ቁራጭ፣ ቱና ወይም አንቾቪ፣ ራዲሽ፣ የፈረንጅ ቃሪያ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ትንንሽ ጥቁር የወይራ ፍሬና በሶብላ ይደረደርበታል። ማዮኔዝ አይገባበትም። ወጉን አጥብቀው የሚይዙት ደግሞ የበሰለ አትክልት ሲጨመርበት ማየት አይወዱም። ቀድሞ የድሃ ሠራተኛ ምግብ ነበር፤ ያደረ ዳቦ እንዳይጣልም መላ ሆኖ ያገለግል ነበር።

ያደረ ዳቦ የሚጠነክረው ውሃው ስለተነነ ብቻ ይመስላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ቡሲንጎ ግን በ1852 እ.ኤ.አ. እርጥበቱ እንዳይወጣ የተዘጋበት ዳቦም እንደሚጠነክር፣ ሲሞቅም መልሶ እንደሚለሰልስ አሳየ። ምስጢሩ ያለው ስታርቹ ውስጥ ነው። ሊጡ ሲጋገር ስታርቹ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የነበረው ሥርዓትም ይፈርሳል። ዳቦው ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ ቀስ በቀስ እንደገና ይሰለፉና ጠጣር ክሪስታል ይሠራሉ። ይህ ሂደት በጣም የሚፈጥነው በፍሪጅ ቅዝቃዜ ስለሆነ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ዳቦ ጠረጴዛ ላይ ካደረው ይበልጥ ይጠነክራል። ፍሪዘር ግን ሂደቱን ከሞላ ጎደል ያቆመዋል።

ለፓን ባኛ ይህ ጥንካሬ ጥቅም አለው። ትኩስ ዳቦ ጭማቂ ሲነካው ቶሎ ይሟሽሻል፤ ያደረው ግን ድርቆሽ ወጡን ጠጥቶም ቅርጹን እንደማይለቅ ሁሉ፣ ርሶም አይፈርስም።

ጭማቂው የሚመጣው ከቲማቲሙ ነው። የቲማቲም 95 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ ጨው ሲነሰነስበት በኦስሞሲስ ምክንያት ውሃው ከሕዋሳቱ ወደ ውጭ ይሳባል። ደረቅ ሳንድዊች የሚወድ ሰው ቁራጮቹን ጨው ነስንሶ ሩብ ሰዓት ያህል ካቆየ በኋላ ያጠነፍፋቸዋል። ይሁን እንጂ አብሮ የሚፈሰው ጣዕምም ነው። የእንግሊዙ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በፍሬዎቹ ዙሪያ ያለው ዝልግልግ ክፍል ከሥጋው ይልቅ በግሉታሜት የበለጸገ መሆኑን አረጋግጠዋል። ግሉታሜት የሥጋ መረቅን የመሰለውን ጥልቅ ጣዕም የሚሰጥ ንጥረ ነገር ነው። ቱና ውስጥ ደግሞ ኢኖሲኔት የሚባል ሌላ ውህድ አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰጡት ጣዕም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚሰጡት ድምር ይበልጣል። በኒስ ጭማቂው ወደ ዳቦው እንዲገባ መተዉ እንግዲህ ያዋጣል።

ዘይቱም ሥራ አለው። ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ የዳቦውን ልብ ይሸፍንና ጭማቂው በአንዴ እንዳይወርረው ያዘገየዋል። ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን የሚሟሟው በስብ ስለሆነ፣ ሰውነት ከዘይት ጋር ሲያገኘው በተሻለ ሁኔታ ይቀበለዋል። ኤክስትራ ቨርጂን የሚባለው ጥሩ የወይራ ዘይት ጉሮሮን የሚለበልበው ደግሞ ኦሊዮካንታል በተባለ ውህድ ነው። ተመራማሪው ጋሪ ቦሻምፕና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው መጽሔት እንዳስነበቡት፣ ይህ ውህድ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን የሚገታቸውን ኢንዛይሞች ይገታል። አንድ ሳንድዊች ላይ የሚፈሰው መጠን ግን ከመድኃኒት የሚቆጠር አይደለም።

ተሠርቶ ያለቀው ሳንድዊች በደንብ ተጠቅልሎ፣ ከላዩ ክብደት ያለው ነገር ተጭኖበት አንድ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ጫናው ጭማቂውንና ዘይቱን በዳቦው ልብ ውስጥ ያሰራጫል፤ ሲቆረጥም አይበታተንም። ዓሣና እንቁላል ስላለበት ግን ከፍሪጅ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ ማቆየት አይመከርም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ደግሞ ገደቡ 1 ሰዓት ነው።