ሽማግሌዋ ዲቲ ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

ዛሬ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ወሬ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። «ታዲያ ይሄ ከፍቅር ገጽ ምን ያገናኘዋል?» እንዳትሉኝ። ሁለት የሚዋደዱ ልጆች በአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ምክንያት ቀለበት ሊመላለሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ (እናቶቻችን አሁንም ናዝሬት ነው የሚሏት) ፍራንኮ አካባቢ የሚኖር አንድ ጓደኛ አለኝ። የሽንኩርትና የቲማቲም ዘር፣ የመርጫና የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ እየያዘ ለመቂና ለባቱ ገበሬዎች ያደርሳል። የሚያደርሰው በምን መሰላችሁ? በያማሃ ዲቲ 125። ሞተሯ የአባቱ ናት። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን በግብርና ሥራ ገጠር ለገጠር የዞሩ ሰው ሲሆኑ፣ ሞተሯን የገዙት አንድ የእርዳታ ድርጅት አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ ነው። ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ለልጃቸው ሰጡት። ልጁም ከቁልፉ ጋር «እኔ አንድ ቀን እንኳ ወድቄ አላውቅም» የሚለውን አባባላቸውን አብሮ ወረሰ።

እጮኛው ግን በዚች ሞተር አትስማማም። አንድ ቀን ማታ ከወንጂ ሲመለሱ መብራቷ ደክሞ፣ ከፊታቸው የቆመ ጋሪ ያዩት ሊገጩት ትንሽ ሲቀራቸው ነው። ከዚያ ወዲህ «ሽጣትና አዲስ ግዛ፣ ወይም እኔን ከኋላ አታስቀምጠኝ፤ ሠርጉም ይቆይ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «አባቴን ሽጥ እንደ ማለት ነው» ይላል። ወይ ጉድ! ደላላው የጠራለት ዋጋ እንደሁ ከአንድ ደህና የፋሲካ በሬ ብዙም አይበልጥም። አዲስ ሞተር ለመግዛት ለሠርግ የተጠራቀመችው ብር መነካቷ ነው።

የልጅቷ ታላቅ ወንድም የህንድ አፓቼ ባለ 180 አለው። ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀይ ናት፣ ታብረቀርቃለች። እሱም «ይቺ የሙዚየም ዕቃ» እያለ ሲያበሽቀው ከረመ። በመጨረሻ «አንድ እሁድ ሁለቱን ይዘን ባቱ ደርሰን እንመለስ፣ ያኔ ይፈረዳል» ተባለ። እኔ ለታዛቢነት ተመረጥኩ። መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ የማላደላ ሰው ነኝ ማለት ነው!

ከመሄዳችን በፊት ዲቲዋን ሁልጊዜ የሚሠሯት መካኒክ ዘንድ ጎራ አልን። ጎልማሳ ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ካንዴላዋን ፈትተው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ መልሰው እያሰሩ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። ዲቲዋ ባለ ሁለት ምት ናት። ሞተሯ በዞረ ቁጥር ታቃጥላለች፤ ባለ አራት ምቱ ግን በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚያቃጥለው። ቫልቭ የላትም። ስለዚህ ውስጧ የሚበላሽ ዕቃ ጥቂት ነው፤ ካንዴላ፣ ፒስቶን፣ ፋሻ፣ ኩሽኔታ... ይኸው ነው። ዘይቷን ከቤንዚኑ ጋር በእጅ ማማሰል ሳያስፈልግ ከራሱ ዕቃ በፓምፕ እየሳበች ትጠጣለች። ይህን ያማሃ የጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። የዲቲ ዘር ራሱ በ1968 እ.ኤ.አ. በባለ 250ዋ ዲቲ ዋን ተጀመረ።

«ታዲያ ጉዳቷ ምንድን ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ጉዳቷማ ዘይቷን ከረሳህ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ይጣበቅና መሀል መንገድ ላይ የኋላ ጎማህ ይቆልፋል። ደግሞ ይቺ ልጅ ሁለት ጊዜ ቶርኖ ቤት ገብታለች። ሲሊንደሯ ተፍቆ ወፈር ያለ ፒስቶን ገብቶላታል። ሲሊንደር እንደ ምጣድ ሁልጊዜ አይታሰስም፤ ብረቱ የሚያልቅበት ቀን አለው» አሉኝ። ኦርጅናል ፋሻ ማግኘትም እንደ ድሮው አይደለም። የሚገኘው ፎርጅድ ነው፤ ክረምት ገብቶ እስኪወጣ አይቆይም። የአፓቼዋ ዕቃ ግን ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በየሱቁ ተሰቅሏል።

እሁድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተነሳን። እኔ ከጓደኛዬ ኋላ ዲቲዋ ላይ፣ ልጅቷ ከወንድሟ ኋላ አፓቼዋ ላይ። ከአዳማ እስከ ሞጆ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የጅቡቲ ጭነት በሙሉ እዚያ ነው የሚተራመሰው። ነፋሱ ደግሞ አለ። አዳማ ዙሪያ እነዚያ ነጫጭ የነፋስ ማመንጫዎች (የመጀመሪያዎቹ በ2004 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው ዙር በ2007 ዓ.ም. የተተከሉት) በከንቱ አልቆሙም! ተሳቢ መኪና ሲያልፈን ዲቲዋ እንደ ላባ ወደ ዳር ትገፋለች። ቀላል ናት፣ ቁመቷም ረጅም ነው። አፓቼዋ ዝቅ ብላ አስፋልቱን ይዛ ትሄዳለች። ዳገት ሲመጣ ጓደኛዬ ማርሽ ቀንሶ ሲያስጮኻት እነሱ ዞረው እያዩ ይስቃሉ። ከኋላችን የምንተወው ሰማያዊ ጭስስ... እሱን ተዉት። በአውሮፓ ባለ ሁለት ምቶቹን ከመንገድ ያስወጣቸው ይሄው ጭስ ነው።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆቃን፣ ዓለም ጤናን አልፈን መቂ ስንገባ ነጥቡ ሁለት ለዜሮ ነበር፤ ለአፓቼዋ። ቁርስ ቆርጠን በላን፣ ሻይ ጠጣን። ወንድምየው ስለ ሠርጉ በሬ መቀለድ ጀምሯል።

ከመቂ አስፋልቱን ለቀን ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ደንበኞቹ እርሻ ስንገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የስምጥ ሸለቆን አቧራ ታውቁታላችሁ፤ እንደ በሶ ዱቄት ነው፣ እግር ይውጣል። መሀል መሀል ደግሞ የመስኖ ቦይ አለ። ዲቲዋ እኔንና አንድ ጆንያ ዘር ተሸክማ እንደ ፍየል እየዘለለች ሄደች። አፓቼዋ የአስፋልት ጎማዋ አቧራው ላይ ተንሸራተተ፤ ሆዷ ድንጋይ መታ፤ ልጅቷ ወርዳ በእግሯ መጣች፤ ወንድምየው ሁለት ጊዜ ወደቀ። ያቺ የምታብረቀርቅ ሞተር ከቦይ ስትወጣ ብታዩ ታለቅሱ ነበር! ጓደኛዬ አንድ ቃል አልተናገረም። ፊቱ ግን ሁሉን ይናገር ነበር።

እንግዲህ የሞተር ወዳጆች በየአገሩ የሚነታረኩበት ጉዳይ ይኸው ነው። ውጭ አገር ያሉት ስለ ሆንዳ ፓን ዩሮፒያን ባለ 1100 ይከራከራሉ። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ ከ300 ኪሎ በላይ የምትመዝን፣ 28 ሊትር የምትይዝ፣ በካቴና ሳይሆን በሻፍት የምትዞር የረጅም መንገድ ንግሥት ናት። ባለቤቶቿ «ከአዲሶቹ ምን ታንሳለች?» ይላሉ። ለመሄዱማ ምንም አታንስም። የሚያንሱት አሮጌ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ በመቆሙ ነው። የእኛም ታሪክ ወደዚያው እያመራ ነበር።

ባቱ ደርሰን ዓሣ በልተን ስንመለስ ተቀያየርን። ጓደኛዬ እጮኛውን ከኋላው አስቀምጦ አፓቼዋን ያዘ። እኔ ከወንድምየው ጋር ዲቲዋ ላይ ሆንኩ። ከዓለም ጤና ወደ ቆቃ ስንቃረብ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ከብቶች ወደ ቤት የሚገቡበት ሰዓት። ከፊታችን ድንገት መንጋው አስፋልቱን መሻገር ጀመረ። አፓቼዋ የፊትም የኋላም ዲስክ ፍሬን አላት፤ ጓደኛዬ ያዘ፣ ቆመች፣ አለቀ። እኛ... ዲቲዋ ከበሮ ፍሬን ናት፣ ሁለት ሰው ጭናለች። ወንድምየው ሁለቱንም ፍሬን ጨምቆ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ እግሩን አስፋልቱ ላይ እየጎተተ «ያዝ! ያዝ!» ይላል። ማንን እንደሚያዝ እንጃ። በቆሙት በኩል አልፈን፣ በአንዲት ላምና በአንድ የአህያ ጋሪ መሀል ሾልከን፣ ከመንጋው ማዶ ቆምን። የላሟ ጅራት ጉልበቴን ገርፎኛል። ባለ ጋሪው ምን ብሎ እንደሰደበን አልጽፈውም።

ሄልሜት የነበረው ሾፌሩ ብቻ ነበር። እኔ አናቴ ላይ የነበረው ኮፍያ ነው። ይህን ስጽፍ እንኳ አፍራለሁ።

ከዚያ እስከ ሞጆ ማንም አልተናገረም። ጨለመ። የዲቲዋ መብራት ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ዙር ስለሆነ ቀስ ስትል ፋኖስ ትሆናለች፤ በመኪና መሀል ቀስ ማለት ያለብህ ደግሞ በጨለማ ነው። አፓቼዋን ከፊት አድርገን በእሷ ብርሃን እየተመራን ገባን። አዳማ ስንደርስ ሁለቱንም ሞላናቸው፤ ከጠዋቱ ሙሉ ነበሩና። ለ230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አፓቼዋ 6 ሊትር ያልሞላ፣ ዲቲዋ ከ8 ሊትር በላይ ጠጣች። የሁለት ምት ነገር ነው፤ ሳይቃጠል በማርሚታው የሚወጣ ቤንዚን አለ። የዘይቱን ዋጋ ሳንቆጥር ነው ታዲያ። ማደያ ላይ ሰልፍ በሚሆንበት ሰሞን ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም።

ማታ ሁላችንም አባትየው ቤት ተሰበሰብን። ልጅየው ስለ አቧራው ብቻ ሲያወራ ወንድምየው ስለ ላሞቹ ተናገረ። ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

«እኔ ወድቄ አላውቅም። ግን እኔ ስነዳት መንገዱ ላይ የነበርነው እኔና አህያ ነበርን። ያን ጊዜ ሲኖትራክ የት ነበር? በ40 እየሄድኩ ነበር የምሠራው። አንተ በ80 ትሄዳለህ፣ በዚያ ላይ የሰው ልጅ ከኋላህ አስቀምጠህ። ሞተሯ አላረጀችም ልጄ። ለዚህ መንገድ አልተሠራችም።»

ልጅቷ ቀና ብላ አላየችም። እሱም አልመለሰም።

እዚህ ላይ እኔም የታዛቢነቴን ልበል። ማታ ማታ አስፋልት ላይ፣ ሰው ጭኖ ለሚሄድ ሰው አሮጌዋ ትበቃለች ብሎ የሚመክረውን አትስሙት፤ እኔ ራሴ የላም ጅራት የመከረኝ ነኝ። ለእርሻ መንገድ ግን አዲሷን ይዛችሁ ብትሄዱ መሳቂያ ነው የምትሆኑት። «ልግዛ» ያላችሁ ደግሞ በቀለም አትታለሉ። ህንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ ሞተሮች ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገውን ፍሬን ግዴታ አድርጋለች። ይህ ግን ለራሷ ገበያ ነው፤ ወደ እኛ የሚመጣው ሁሉ አለው ማለት አይደለም። ጎንበስ በሉና የጎማውን መሀል እዩ፤ ከዲስኩ አጠገብ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ቀለበት ከሌለች ኤቢኤስ የለም፣ ተለጥፎ ቢጻፍም። አሮጌ የምትይዙት ደግሞ ከሞተሩ በፊት ጎማውን። ጎማው ጎን ላይ በአራት ቁጥር የሚያልቅ ጽሑፍ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት የፈረንጅ ዓመቱን ይናገራሉ። የጓደኛዬን የፊት ጎማ በማግስቱ ስናየው «2311» ይላል። በ2011 የተሠራ! ጥርሱ አላለቀም፤ ላስቲኩ ግን እንደ ቀንድ ደርቋል። ያን ቀን ያልቆምነው በከበሮው ፍሬን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። የፍሬን ሸራውም ሲፈታ መስታወት መስሏል። ሁለቱ ቢቀየሩ ኖሮ ላሟ ባልገረፈችኝ ነበር ይሆናል... እንደ አፓቼዋ ግን ባልቆምን፤ እሱን መካኒኩም አምነዋል።

«የኤሌክትሪክ ለምን አይገዛም?» የምትሉ አላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። ለከተማ ዙር መልካም ነው። ባቱ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ግን መሀል ላይ የት ሰክቶ፣ ስንት ሰዓት ጠብቆ እንደሚነሳ አስቀድሞ ያስላ።

አሁን ምን ሆነ አትሉኝም? አልተሸጠችም። አዲስም አልተገዛም። ጎማዋና የፍሬን ሸራዋ ተቀየረና መቂ፣ አንድ ደንበኛው የሆኑ ገበሬ ግቢ ውስጥ ሰፈረች። ጓደኛዬ ማለዳ ዘሩን ሚኒባስ ላይ ጭኖ መቂ ይወርዳል፤ ዲቲዋን አስነስቶ እርሻ ለእርሻ ሲዞር ይውላል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለባለ ግቢው አስረክቦ በሚኒባስ ይመለሳል። የሠርጉ ብር አልተነካም፤ ቀኑም ተቆርጧል። ወንድምየው ደግሞ፣ ያ «ሙዚየም» ይል የነበረው፣ ዓሣ ማጥመድ ስለጀመረ እሁድ እሁድ ቁልፉን እየተዋሰ ነው።

አባትየው ልጃቸው ማታ ቤት በገባ ቁጥር ዛሬም ስለ ሽያጩ አይጠይቁም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ዘይቷን አይተሃል?»