ስለ ሦስት የሕክምና ስያሜዎች አተረጓጐም

የካንሰር ምርመራ ውጤት ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል ሲላክ፣ ለሕመምተኛው ቤተ ሰብ በአማርኛ የሚያስረዳው ሰው የሚመርጠው ቃል ሕክምናው እንዲቀጥል ወይም እንዲቋረጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሊምፍ ሥርዓት ካንሰሮች አንዱን፣ የተሠራጨ ባለ ትልቅ ቢ-ሕዋስ ሊምፎማ የሚባለውን፣ በምሳሌነት ወስደን ሦስት ስያሜዎችን እንመረምራለን።

አንደኛ፣ ይህ ሊምፎማ የሚመደብበት ክፍል ብዙ ጊዜ «አደገኛ» ተብሎ ይተረጐማል። ነገር ግን «አደገኛ» ለማናቸውም የካንሰር ዕጢ የተለመደ ቅጽል ነው። እዚህ የተፈለገው የዕድገቱ ፍጥነት ነው። በፍጥነት የሚያድገው ሊምፎማ ካልታከመ ቶሎ ይገድላል፤ ከታከመ ግን ብዙዎች ይድናሉ። ስለዚህ «ፈጣን ሊምፎማ» ማለትን እንመርጣለን።

ሁለተኛ፣ «ምልክት» በቋንቋችን ታማሚው የሚሰማው ወይም ሐኪሙ የሚያየው ነው፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የብብት ንፍፊት የመሳሰለው። በካንሰሩ ሕዋስ ላይ ወይም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ግን የሚታወቀው ከዕጢው ናሙና ተወስዶ፣ በፀረ እንግዳ አካል አማካይነት ቀለም ተሰጥቶት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ይህን «ጠቋሚ» እንለዋለን።

ሦስተኛ፣ ስለ በሽታው የወደፊት ሁኔታ የሚሰጠውን አስተያየት «ትንቢት» ማለት ያሳስታል፤ ትንቢት የማይቀር ነገር ነውና። ማይክ የተባለው ፕሮቲን ሕዋሱን ለመባዛት ይገፋፋል፤ ቢሲኤል-2 ደግሞ ሕዋሱ እንዳይሞት ይከላከላል። ማይክ ከካንሰሩ ሕዋሳት 40 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ በሆኑት፣ ቢሲኤል-2 ደግሞ ከ50 በመቶ በሚበልጡት ላይ ሲገኙ፣ የሕክምናው ውጤት በአማካይ ደከም ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.አ.አ. በ2016 የተሻሻለው አመዳደብም ይህን ጥምረት እንደ ጠቋሚ ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ የተነገረው የብዙ ሕመምተኞች አማካይ እንጂ የአንዱ ሰው ፍጻሜ አይደለም። ስለዚህ «የሕመም ሂደት ግምት» የሚለው ይስማማል።

በዚያው የውጤት ወረቀት ላይ ሲዲ-20 የተባለ ፕሮቲንም ይጻፋል። ይህ ግን የሚያመለክተው ሌላ ነገር ነው፤ ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት የሚይዘው ይህን ፕሮቲን ስለ ሆነ፣ መገኘቱ መድኃኒቱ ሊሠራ እንደሚችል ያስረዳል። እንግዲህ ማይክንና ቢሲኤል-2ን «የሕመም ሂደት ጠቋሚ»፣ ሲዲ-20ን «የመድኃኒት ምላሽ ጠቋሚ» ብሎ መለየት ያሻል። ሁለቱ በአንድ ቃል ከተጠሩ፣ የመድኃኒትን በር የሚከፍተው ዜና እንደ መርዶ ሊሰማ ይችላል።