ታብሌት በመኪና ዳሽቦርድ ላይ፦ ችግሩ የሚጀምረው ሞተሩ ሲጠፋ ነው

በአቡ ዳቢ አል ኻሊዲያ ሰፈር የሚኖር ሠራተኛ የራሱ ስክሪን የሌለው አሮጌ መኪና ቢገዛ፣ የግል ታብሌቱን ዳሽቦርድ ላይ አስሮ ለመንገድ ጠቋሚ፣ ለሙዚቃና ለጥሪ ቢጠቀምበት የሚያስገርም አይደለም። ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ አዲስ የመኪና ስክሪን ለማስገጠም የሚወጣውንም ገንዘብ ያስቀራል። በጉዞ ላይ ኤሲው እስከሠራ ድረስ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ያለ እንከን ያገለግላል። ጉዳት የሚደርስበት ባለቤቱ መኪናውን አቁሞ ወደ ሥራው ሲገባ ነው።

አፕል ኩባንያ ለአይፓድ ታብሌቶቹ ያወጣው መመሪያ መሣሪያው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የአካባቢ ሙቀት እንዲሠራ፣ ጠፍቶ ሲቀመጥም ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ እንዳይበልጥ ያሳስባል። የቆመ መኪና ከዚህ ወሰን ሊያልፍ ስለሚችል መሣሪያው በውስጡ እንዳይተው በግልጽ ያስጠነቅቃል። በአማርኛ ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ናቸው፤ ዝናብና ብርድ ያስታውሱናል። በአረብኛ ግን እነዚሁ ወራት «ሰይፍ» የሚባሉት የሙቀት ወራት ሲሆኑ፣ በአቡ ዳቢ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን ማለፉ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 2025 ደግሞ በአል አይን ክልል በምትገኘው ስዌይሃን 51.6 ዲግሪ ተመዝግቧል። አዲስ አበባ ላይ ታብሌቱን መኪና ውስጥ ትቶ ውሎ ምንም ያልገጠመው ሰው ልምዱን ወደዚህ ሊያመጣው አይገባም።

እነዚህ አኃዞች የውጭውን አየር ብቻ የሚገልጹ ናቸው። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ37 ዲግሪ በላይ በሆኑ ቀናት ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆሙ መኪናዎች የውስጥ አየር በአማካይ 47 ዲግሪ፣ ዳሽቦርዳቸው ደግሞ 69 ዲግሪ ደርሷል። በጥላ ሥር የቆሙት እንኳ ዳሽቦርዳቸው 48 ዲግሪ ነበር። ምክንያቱ የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ በቀላሉ ገብቶ ዳሽቦርዱንና መቀመጫውን ማጋሉ፣ ከእነርሱ የሚወጣው ሙቀት ግን በዚያው መስታወት ታፍኖ መቅረቱ ነው። ከሁሉም በላይ የሚግለው ብዙዎቻችን ታብሌቱን የምናስርበት ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ቦታ ነው።

በዚህ ሙቀት ቀድሞ የሚጎዳው ባትሪው ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ ሲግል በውስጡ የሚካሄደው ኬሚካላዊ ለውጥ ይፋጠንና ተመልሶ የማይገኝ አቅም ያጣል፤ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። በውስጡ ጋዝ ሲፈጠር ያብጣል፤ እብጠቱም ስክሪኑን ከማቀፊያው እስከ ማላቀቅ ይደርሳል። ያበጠ ባትሪ ሊቀጣጠል ስለሚችል ያን መሣሪያ ቻርጅ ማድረግም ሆነ መጫን አይገባም፤ መኪና ውስጥ ጭስ ከታየ ደግሞ ርቆ ወደ ሲቪል መከላከያ በ997 መደወል ነው። ለመኪና ተብለው የሚሠሩ ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ዋጋቸው የሚወደደው አለምክንያት አይደለም፤ ለመኪና ቺፖች በወጣው የታወቀ መስፈርት ዝቅተኛው ደረጃ እንኳ እስከ 85 ዲግሪ መቋቋምን ይጠይቃል።

እንግዲህ ዋናው ጥንቃቄ ቀላል ነው፤ ከመኪናው ሲወርዱ ታብሌቱን ይዞ መውረድ። ለዚህ ደግሞ በአንድ እጅ የሚፈታ ማሰሪያ መምረጥ ይበጃል፤ በሙጫ የተለጠፈውን ማንም በየዕለቱ አይፈታውም። እንደ አል ኻሊዲያ ባለ ለባሕር ቅርብ ሰፈር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከኤሲ ሲወጡ መነጽር በእርጥበት እንደሚሸፈን ሁሉ፣ የቀዘቀዘ ታብሌትም ወበቅ ባለበት አየር ላይ ጠል ይይዛል። ስለዚህ ከመኪናው ሳይወጡ ቦርሳ ውስጥ መክተት የተሻለ ነው። አየሩ ደረቅ በሆነው አል አይን ይህ ስጋት ያነሰ ነው። የጋለን መሣሪያ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም በዚሁ ምክንያት ጎጂ ነው፤ አጥፍቶ በጥላ ማቆየት ይበቃዋል።

በጉዞ ላይ መንገድ ጠቋሚው፣ የስክሪኑ ድምቀትና ቻርጀሩ በአንድ ጊዜ ሙቀት ያመነጫሉ። ማሰሪያውን የኤሲ ነፋስ በሚደርስበት ቦታ መትከል፣ ወፍራም ሽፋኑን ማውለቅና ባትሪውን እስከ 80 በመቶ ብቻ መሙላት ይረዳል። ቦታው ግን የሾፌሩን እይታ የማይጋርድ፣ ከኤርባግ መክደኛም የራቀ መሆን አለበት።

ታብሌት ሲግል ስክሪኑን ያደበዝዛል፤ ከባሰም የሙቀት ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ሥራውን ያቆማል። ይህ በአውራ ጎዳና ላይ በሚነዱበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በዚያ ቅጽበት እጅ ሰዶ ለማስተካከል መሞከር ከመሣሪያው ዋጋ በላይ ያስከፍላል፤ በኤሚሬትስ ሕግ እየነዱ በስልክ ወይም ሌላ ትኩረትን በሚሰርቅ ነገር መጠመድ 800 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ ያስቀጣል። አደጋው ደግሞ በድርሃም አይተመንም። መንገዱን አስቀድሞ ማወቅ፣ አቅጣጫውን በድምፅ መስማት፣ ማየት የግድ ከሆነም ከመንገዱ ወጥቶ መቆም ነው።

ወጪውን ለሚችል ሰው ግን ከታብሌቱ የሚሻል መፍትሔ አለ። አንድሮይድ አውቶ ወይም አፕል ካርፕሌይ የሚቀበል ለመኪና የተሠራ ስክሪን ቢያስገጥም፣ ሙቀቱን የሚችለው ክፍል በመኪናው ይቀራል፤ ካርታውንና ሙዚቃውን የያዘው ስልክ ግን እንደ ሁልጊዜው በባለቤቱ ኪስ ሆኖ ወደ ቤት ይገባል።