የማታው ጊዜ ለቤተ ሰብ ወይስ ለመስኮት?

ለአንድ ቤት ከሀብቱ ሁሉ የሚበልጠው ሰዎቹ ተሰብስበው የሚጫወቱበት የማታው ጊዜ ነው። ቀኑን አባት በሥራ፣ እናት በጓዳና በገበያ፣ ልጅ በትምህርት ቤት ተለያይተው ይውላሉ። ተገናኝተው የሚጠያየቁት፣ ልጁም የወላጆቹን አነጋገርና ጨዋነት የሚቀስመው ማታ ነው። ይህን ጊዜ በግድ የሚነጥቀን የለም፤ ነገር ግን ውኃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ሁሉ፣ የቴሌቪዥኑና የስልኩ መስኮት ቀስ በቀስ እየወሰደብን ይገኛል።

ቡሬን እንመልከት። ይህች የምዕራብ ጎጃም ከተማ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድና የነቀምቴው መንገድ የሚለያዩባት፣ በበቆሎና በበርበሬ ምርት የታወቀች ናት። በእንደዚህ ያለ አገር የማታ ሥራና የማታ ጨዋታ የተያያዙ ናቸው። በቆሎ ሲፈለፈል፣ በርበሬ ሲቀነጠስ፣ ጥጥ ሲፈተል ሥራ የሚይዘው እጅ ነው፤ አፍና ጆሮ ነጻ ናቸው። ስለዚህ ልጆች እንቆቅልሽ ይጠያየቃሉ፤ መልሱ የጠፋበትም «አገር ስጠኝ» ሲባል ጎንደርን ወይም ሸዋን ሰጥቶ መልሱን ይሰማል። ነገሩ ተራ ጨዋታ ይምሰል እንጂ ልጁ ነገርን ከነገር ማመሳሰልን፣ ተራ መጠበቅን፣ ሳይቆጡ መሸነፍንም ይማርበታል። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች በታወቀችው በጎጃም የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ቅኔውን የሚቆጥረው፣ ያልተቋረጠ ሐሳብ ብቻ ፍሬ እንደሚሰጥ ስለሚያውቅ ነው። በየደቂቃው አዲስ ሥዕል የለመደ አእምሮ ግን እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ከየት ያመጣል?

መቼም መሣሪያ ወደ ቤት መግባቱ የዛሬ ነገር አይደለም። የጎጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ ደርሰውት በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ቤተ ሰብ በአንድነት አዳምጦታል። ሬዲዮ ጆሮን እንጂ ዓይንን ስለማይጠይቅ ፈታይዋ እንዝርቷን አላስቀመጠችም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርም አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለልጆች ተረት ማውራት ጀመሩ፤ ለአርባ ዓመታት ያህልም ቀጠሉበት። ተረቱ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ነበረው፤ ባለቀም ጊዜ ልጆች ወደ ጨዋታቸው ይመለሱ ነበር።

የዛሬው መስኮት ከዚያ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን ማሳየት በጀመረ ጊዜ በየቤቱ የተነሣው ክርክር ይታወሳል፤ የስልኩ ቪዲዮ ደግሞ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ይደቅናል። ሁለተኛው ሰውን መነጣጠሉ ነው። ቴሌቪዥን ቢያንስ ሁሉን በአንድ ፊት ያስቀምጥ ነበር፤ ስልክ ግን በአንድ መደብ የተቀመጡትን አራት ሰዎች ወደ አራት አገር ይበትናቸዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከመስኮት ፊት ባይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ መሆኑን አስታውቋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃን መናገር የሚማረው ፊቱን አይቶ ከሚመልስለት ሰው ነው፤ መስኮት ይናገራል እንጂ አይመልስም። የመኝታ ሰዓት የስልክ ብርሃንም እንቅልፍን ያዘገያል። አውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በማኅበራዊ መገናኛዎች የራሳቸው መግቢያ እንዳይኖራቸው የሚከለክለውን ሕግ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። ሆኖም የትኛውም ሕግ ማታ በያንዳንዱ ቤት ገብቶ ሊቆጣጠር አይችልም፤ ይህ የባለቤቱ ፋንታ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ስልክን እንደ ጠላት ማባረር አይገባም፤ ተማሪው ትምህርቱን፣ ሠራተኛው የቢሮ መልእክቱን፣ ገበሬው የገበያ ዋጋውን ያገኝበታል። የሚያስፈልገው ሰዓትና ቦታ መወሰን ነው። ለዚህ የሚሆን መለኪያ ደግሞ ከቤታችን አለን፤ እርሱም ቡና ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ስልክ ሁሉ በአንድ ቦታ ይቀመጥ፤ ቴሌቪዥኑም ይዘጋ። ማታ ስልክ የሚሞላው በመኝታ ክፍል ሳይሆን በሳሎን ይሁን። የሚያለቅስ ሕፃን ስልክ ይዞ ዝም እንዲል አይደረግ። ከልጁ እጅ ስልክ የሚወስድም በምትኩ የሚሠራውን ይስጠው፤ በርበሬ ያስቀንጥሰው፣ ገበጣ ያጫውተው፣ ተረት ያስጀምረው።

ከሁሉ በፊት ግን ትእዛዙ ከታላቁ መጀመር አለበት። ከቢሮው ተመልሶ እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌግራም የሚያገላብጥ አባት ልጁን «ስልክህን አስቀምጥ» ቢል ማን ይሰማዋል? ልጅ የሚከተለው የአባቱን ቃል ሳይሆን የአባቱን እጅ ነው። ወንድሞቹና እኅቶቹ አርኣያ የሚያደርጉት ተማሪም ከዚህ ኃላፊነት አያመልጥም።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞችና ተማሪዎች ሆይ፣ ነገ የየቤታችሁ አስተዳዳሪዎች እናንተ ናችሁ። ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ስጡ። አያት የሚያወሩት ታሪክ አያት ሳሉ ካልተሰማ በማናቸውም መስኮት ተፈልጎ አይገኝም።