ከዋድላ ገደል እስከ አቡነ ዮሴፍ፦ የእግር ጉዞ በላስታ

ከዋድላዋ ከተማ ከኮን ወደ ደቡብ ሲዘልቁ ሜዳው ድንገት ይቋረጣል። ከእግር ሥር የጅጣ ገደል አፉን ከፍቶ ይታያል፤ ማዶው ደላንታ ነው። እዚህ ዳር የወረደ ዝናብ በጅጣ አድርጎ በሽሎን፣ ከዚያም ዓባይን ይቀላቀላል። በሰሜኑ የመቄት ዳር የወረደው ደግሞ ወደ ተከዜ ይሄዳል። ሁለቱ ውኃዎች ዳግመኛ የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ አትባራ ላይ ነው። ይህን አገር በእግር ያልሄደ ሰው ከፍታውን ያውቀው ይሆናል እንጂ ጥልቀቱን አያውቅም እላለሁ።

በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የዚህን ገደል ድንጋይ እየጠረቡ መንገድ አወጡበት። እነዚያን ቁልቁለትና አቀበት ያየ ሰው መድፉ እንዴት እንዳለፈ ማሰብ ያስጨንቀዋል። ተከትሏቸው የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርም የተሻገረው በዚያው መንገድ ነበር። ከነገሥታቱ ይልቅ ግን ይህን ደጋ በእግሩ የሚያውቀው የቆሎ ተማሪ ነው፤ የዋድላ ቅኔ ስሙን የወሰደው ከዚህ አገር ነውና፣ ስንቱ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ መጥቶበታል።

ለእንግዳ ተብሎ የተሰናዳው የእግር ጉዞ የተጀመረው በመቄት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። «ተስፋ» የተባለው እንቅስቃሴ ከገበሬዎቹ ጋር ሆኖ በገደሉ አፋፍ ላይ የድንጋይ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች አሠራ። መቋት ማርያም ከመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት። አሠራሩን የምወድለት ጎጆው የባለሀብት ሳይሆን የመንደሩ በመሆኑ ነው። የቀበሌው ሰው ኮሚቴ ይመርጣል፤ አብሳዩ፣ ጠባቂውና አህያ ነጂው ከዚያው ከመንደሩ ናቸው፤ ገቢውም ለጋራ ይውላል። የኪርጊስታን እረኞችም በበጋ ግጦሻቸው ላይ የሚተክሉትን ክብ የሱፍ ድንኳን ለተጓዥ ያጋራሉ። የእኛዎቹ የሚያጋሩት ግን የቆመ ቤት ነው፤ እንግዳውም የሚደርሰው ማሳው መሐል ነው።

ጓዝ በአህያ ይጫናል። እንግዳው ዱላውን ይዞ በገደሉ ጠርዝ ይሄዳል፤ ከሥሩ የጭላዳ መንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የማይገኝ እንስሳ ነው። አመሻሹ ላይ ሲደርስ ውኃ ሞቆ ይጠብቀዋል፣ እግሩን ይታጠባል። ከዚያ ሽሮና እንጀራ፣ ጠላ፣ የእሳት ዳር። ሌሊቱ ውርጭ ነውና ያለ ጋቢ አይታለፍም።

መጀመሪያ የኮሮና ወረርሽኝ፣ ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት ይህን ሁሉ ክፉኛ ጎዳው። በጋሸናና በላሊበላ ዙሪያ የሆነውን የአገሬው ሰው ያውቀዋል። እንግዳ ሲቀር የቀረው የመንገድ መሪው ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ዶሮዋን የምትሸጠው እናት፣ አህያውን የሚያከራየው ጎረምሳም አብረው ያጣሉ።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ለሚመጣ ሰው የምመርጥለት ከላሊበላ በአሸተን ማርያም በኩል ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚወጣውን ነው። ክረምቱ አልፎ፣ ገብሱ ሲደርስ ይነሣ። ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ቀን መሮጥ ራስ ምታት ያተርፋል፤ መንገድ ላይ ማደር ይሻላል። ከማሳው በላይ አስታው፣ ከዚያ ጓሳውና ጅብራው ይመጣል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በዚህ ጓሳም ይኖራል፤ ማለዳ፣ አመዳዩ ሳይረግፍ፣ አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።